የሥራ ልምድ፦ የለም

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ ለሰው ሁሉ ሲቪ እጽፍ ነበር፤ ለራሴ ግን ጽፌ አላውቅም። ብጽፍም ሩብ ገጽ አይሞላም። ትምህርቴን የተውኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ወደዚያ ቤት የገባሁትም ፎቶ ኮፒ ለማንሳትና ወለል ለመጥረግ ነበር። ታይፒስቷ አግብታ አዲስ አበባ ስትገባ ባለቤቱ ሌላ ሰው እስካገኝ ቁጭ በይበት ብለው ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጡኝ። ሌላ ሰው ሳይፈልጉ አራት ዓመት አለፈ።

ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። ከሰሜን ተዛውረው መጥተው፣ እዚሁ አግብተው ወልደው፣ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቀኑ የት እንደሚውል፣ «ጉዳዩ» ከሥሩ እንደሚሰመርበት፣ ግልባጩ ለማን እንደሚደረግ። እሳቸው ዘንድ የደብዳቤ ነገር መልኩ ነው፤ መልኩ ከተበላሸ ውስጡን የሚያነብልሽ የለም ይሉኛል። እኔም አምኛቸው ነበር። ኋላ ላይ በእህቴ ላይ ያደረስኩት ጥፋት የመጣው ከዚህ እምነቴ ይመስለኛል።

ሲቪ ስል ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው አንድ ሲቪ ብቻ ነው። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ለማን እንደጻፈችው የማይታወቅ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ሲቪ። ደንበኛ ሲመጣ የበፊቱን ሰው ስም አጥፍቼ የአዲሱን እጽፋለሁ፤ የትውልድ ቀን፣ ትምህርት ቤት፣ የጋብቻ ሁኔታ እለውጣለሁ፤ የቀረውን እንዳለ እተወዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የተውኩት ምን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ደንበኛዬ የሆነ አስተማሪ መዝገበ ቃላት አውሶኝ፣ ሰው በሌለ ሰዓት ቃል በቃል እየፈለግሁ ደረስኩበት። «ተግባቢ፣ ታታሪ፣ በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ በትርፍ ጊዜው መጽሐፍ ማንበብ የሚወድ» ይላል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የከተማውን ወጣት በሙሉ ታታሪና አንባቢ አድርጌ ስልክ ኖሬያለሁ። ደስ አለኝ እንጂ አልደነገጥኩም። እንግሊዝኛም የተማርኩት ከዚያች ወረቀት ነው ብል አላበልኩም።

ከደንበኞቼ ጋር ወሬ እወዳለሁ። ወረቀቱ ከማተሚያው እስኪወጣ ሰዎች ያወሩኛል፤ እኔም አወራቸዋለሁ። አንዱ መርካቶ አጎቱ ዘንድ ሰባት ዓመት ጨርቅ እንደሸጠ፣ የትኛው ጣቃ ከየት አገር እንደመጣ በእጁ ዳስሶ እንደሚያውቅ ይነግረኛል። ሌላዋ ታላቅ እህቷ ምግብ ቤት ውስጥ የሠርግ ድግስ ብቻዋን ስትመራ እንደኖረች ትነግረኛለች። «የሥራ ልምድ ምን ልበል?» ስላቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው። «ኧረ ምንም የለኝም። ዘመድ ቤት ነው የነበርኩት።» እኔም ያለ ምንም ሐሳብ «የሥራ ልምድ፦ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። በእኛ ዘንድ ዘመድ ቤት የሠራ ሰው ሠራ አይባልም። አደገ ነው የሚባለው። ዘመድህ ያሳድግሃል፣ ያስተምርሃል፣ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እጅህን ይዞ ያቋቁምሃል፤ ሱቅ ይከፍትልሃል ወይም ይድርሃል። በመካከል ስለ ሥራ የሚያነሳ የለም፤ ማንሳቱም ነውር ነው።

እህቴም እንደዚያው አክስቴ ቤት ያደገች ናት። አክስቴ የአባቴ እህት ናት፤ ወልቂጤ ጅማ መንገድ ዳር የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላት። ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ። እኛ ቤት አዶት ነው የምንላት፤ በጉራጊኛ እናት ማለት ነው፣ ለእህቴም እናት ነበረች። የራሷ ልጅ የላትም። እህቴን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ወሰደቻት፤ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት፣ ግማሽ ቀን መደብር። እህቴ አሥረኛን ጨርሳ እዚያው ቴክኒክና ሙያ ገባች፤ በንብረት አያያዝ አሥር ሲደመር ሦስት የሚባለውን ዲፕሎማ ያዘች። ከተመረቀች በኋላም ዓመት ያህል መደብሩ ውስጥ ሆነች። አዶት አንድ ቀን አቋቁምሻለሁ ትላታለች፤ ቀኑ ግን አይመጣም። ክፋት አይደለም። ያለ እህቴ መደብሩን መያዝ ስለማትችል ነው።

እህቴ አንድ ሰኞ ጠዋት ሳትደውል ቡታጅራ መጣች። እጇ ላይ ከማስታወቂያ ሰሌዳ የገለበጠችው ወረቀት ነበር። ከተማችን ውስጥ አንድ የውሃ ሥራ ፕሮጀክት ቢሮ እየከፈተ ነው፤ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ዲፕሎማና የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ። ምዝገባው አርብ ያበቃል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ አየችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜዋ የራሴ የምትለው ነገር አልነበራትም።

«ይሄን ካላገኘሁ እዚያው መደብር ውስጥ ነው የማረጀው» አለችኝ። «አዶትን ጠልቼ አይደለም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሰው በስሜ ፈልጎኝ ሥራ ልግባ።»

እኔም ሲቪውን ከፈትኩ፤ ስሟን ጻፍኩ፤ አተምኩላት። ደቂቃ አልፈጀም። የሥራ ልምድ የሚለው ላይ ስደርስ አየኋት፤ ትከሻዋን ነቀነቀች። «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ይላል ማስታወቂያው ብላ ስትሰጋ፣ ይሁን፣ የሚያዩት ዲፕሎማውን ነው አልኳት። የኋላ ኋላ ይቺ ንግግሬ ስታስቆጨኝ ኖራለች።

እህቴ ዓይን አፋር ስለሆነች ወረቀቱን ቢሮው ድረስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሲቪውን ተቀብሎ ገና የመጀመሪያውን መስመር እንዳየ ፈገግ አለ። ከመሳቢያው አንድ ክምር ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሁሉም የእኔ ናቸው። ያው ፊደል፣ ያው አሰማመር፣ ያው ተግባቢና ታታሪ።

«እህቴ፣ እነዚህን ሁሉ የጻፍሻቸው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ» አልኩት።

«ሁሉም መጽሐፍ ማንበብ ይወዳሉ። በዚህ ከተማ ይሄን ያህል አንባቢ ካለ መጽሐፍ ሻጮቹ ምን ሆነው ነው ካልሲ የሚሸጡት?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። እሱ ግን እያላገጠብኝ አልነበረም። ሁለት ወረቀት አንስቶ ጎን ለጎን ያዛቸው። አየሽ፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻልኩም አለኝ። ሰው መምረጥ ያለብኝ ከወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሰው የለም። ቀጥሎ የእህቴን አነሳና ይቺ ልጅ ምን ትችላለች ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ወሬ እወዳለሁ ብያችኋለሁ። ነገርኩት። የቧንቧ መገጣጠሚያ ሳታይ በጣቷ ዳስሳ ስንት ኢንች እንደሆነ እንደምታውቅ። የጭነት መኪና ቆርቆሮ ሲያራግፍ በሩ ላይ ቆማ በጆሮዋ እንደምትቆጥር፣ አንድ ቀን ሾፌሩ ሁለት አጉድሎ ሊሄድ ሲል ከመኪናው አውርዳ እንዳስቆጠረችው። በየመደርደሪያው ላይ ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባውን ቆርጣ አንጠልጥላ፣ የገባና የወጣ ዕቃ ስትጽፍበት እንደኖረች፤ ኮሌጅ ስትገባ አስተማሪው ይሄ ነገር ቢን ካርድ ይባላል ሲል ሳቋ እንደመጣባት። ሰውየው እርሳሱን አስቀምጦ ሰማኝ።

«ይሄ የታለ እዚህ ላይ?» አለኝ ወረቀቱን እየመታ።

«ዘመድ ቤት ነው እኮ።»

«ዘመድ ቤት ምስማር ራሱን ነው የሚቆጥረው?»

እሱም እንደገና ጽፈሽ አምጪ፤ ግን እኔ ብቻዬን አይደለሁም፤ ሦስት ሆነን ነው የምንመርጠው፤ ባልደረቦቼ የልምድ ማስረጃ ይፈልጋሉ፤ ከአክስትሽ መደብር ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ነይ፤ እስከ አርብ አለሽ ብሎ ሸኘኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት እህቴን ከጎኔ አስቀምጬ አሮጌውን ሲቪ ዘጋሁት። ባዶ ገጽ ከፈትኩ። በአማርኛ ነበር፤ ያየሁትን መናገር የምችልበት ቋንቋ እሱ ስለሆነ። እንዲህ ቀላል መስሎኝ ነበር። እህቴ ግን አፏ አይከፈትም። መደብሩን ማን ነው ያደራጀው ስላት አዶት ትላለች። ከነጋዴ ጋር ማን ይደራደራል ስላት አዶት ነች፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ ትላለች። እኔ ይሄን አደርጋለሁ ማለት ልማዷ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችንም ሰው ተነስቶ ሲመሰክር ጌታ እንዲህ አደረገልኝ ይላል እንጂ እኔ እንዲህ አደረግኩ አይልም። በዚያ ላይ የአክስቷን ቤት ሥራ የእኔ ነው ማለት መስረቅ መሰላት።

ስለዚህ ዘዴ ቀየርኩ። ምን ትችያለሽ ማለቱን ተውኩና ጠዋት በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። ይሄን መመለስ ቻለች። መብራት አበራለሁ። ከዚያስ? ትናንት የወጣውን ካርዱ ላይ አያለሁ። ከዚያስ? ያለቀውን ለብቻው እጽፋለሁ። ሲሚንቶ ካለ መሬቱ እርጥብ መሆኑን አያለሁ፤ እንጨቱን አነጥፋለሁ፤ አዲስ የመጣውን ከሥር አደርጋለሁ፣ አሮጌው ቀድሞ እንዲወጣ። ከዚያስ? ከዚያስ? እያልኩ እስከ ማምሻው ድረስ አስኬድኳት። እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ኧረ ይሄንንም ትጽፊያለሽ እያለች ትስቃለች። ስንጨርስ ገጽ ተኩል ሆነ። ታታሪ የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረበትም። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። መልኩ ጥሩ አይደለም፣ ግን እኔ ብሆን እቀጥራታለሁ አሉ። ከእሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

የቀረው ደብዳቤው ነበር። እሱን ግን በጋሼ ትምህርት ጻፍኩት። ለሚመለከተው ሁሉ፤ ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃ ስለመስጠት። መቼም እንዲህ ያለ ደብዳቤ በቀን ሦስቴ እጽፋለሁ፤ እጄ ያውቀዋል። እጄ እንደሚያውቀው ጻፍኩና አዶት ማህተም ብቻ እንድታደርግበት አጠፍኩት።

ረቡዕ ማለዳ ሁለታችን ተሳፈርን። ወልቂጤ በካርታ ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ግን በአቋራጩ፣ በአረቅጥ በኩል፣ መኪና ስላላገኘን በቡኢ አድርገን ዓለም ገና ወጥተን፣ እዚያ መኪና ቀይረን እንደገና ወደ ታች ወረድን። ስንደርስ ምሳ ሰዓት ሆኗል። አዶት መደብሩ በር ላይ ነበረች። ሁለታችንንም ሳመችን፣ ከስታችኋል አለችን፣ ወደ ጓሮ አስገብታ ቆጮና ጎመን አቀረበች። ስለመጣንበት ጉዳይ የጠየቀችን እጃችንን ከታጠብን በኋላ ነው። እኔ ነገርኳት። ሥራ እንዳለ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም። ጥሩ ነው፣ መንግሥት ቤት መግባትም ጥሩ ነው አለች። ወረቀት ያስፈልጋል ስላትም የታለ አለች። ቁጥር እንጂ ፊደል አታውቅም፤ ስለዚህ ለእህቴ ሰጠቻት፤ አንብቢልኝ።

እህቴ ማንበብ ጀመረች። ከሦስተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ እየቀነሰ ሲሄድ ነው እኔም ምን እንደጻፍኩ የሰማሁት። «በድርጅታችን ውስጥ በንብረት ሠራተኝነት ተቀጥራ፣ በወር ብር» ይልና ለቁጥሩ ባዶ ቦታ አለው፤ «እየተከፈላት ስትሠራ ቆይታ፣ በራሷ ፈቃድ ሥራዋን የለቀቀች መሆኑን እናረጋግጣለን።»

ለማንም የምጽፈው ደብዳቤ ነው። ለማንም።

አዶት ወደ እህቴ ዞረች። ቀጥላ በቀስታ ተናገረች።

«እኔ ነኝ የቀጠርኩሽ?»

እህቴ ወረቀቱን አጠፈችው።

«በወር ስንት ስከፍልሽ ነበር? ባዶውን ቦታ ምን ብለን እንሙላው? የወንድሟን ልጅ ገረድ አድርጋ አኖረች ይበለኝ የወልቂጤ ሰው?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ፣ የተማርሽው፣ ይሄን እጅሽ እንዴት ጻፈው?»

የወረቀት ደንብ ነው አዶት አልኳት። ቃሉን እቀይረዋለሁ አልኳት። አልሰማችኝም። የጎዳት ተቀጥራ የሚለው ብቻ አልነበረም፤ የለቀቀች የሚለውም ጭምር ነው። ሰው ከእናቱ ቤት በፈቃዱ ሥራ አይለቅም። ደንበኛ ሲጠራት ተነሳች። ስንወጣ ለእናታችን ቅቤ ቋጥራ ሰጠችን፣ ግንባራችንን ሳመችን፤ ማህተሙን ግን አላነሳችውም። እኛም እንደገና አልጠየቅንም።

በመመለሻው መንገድ እህቴ በመስኮቱ ስትመለከት ነበር። እኔ ይቅርታ አልኳት፤ አልተቆጣችኝም። ሐሙስ ጋሼ ሲሰሙ አዝነው፣ ማህተም ያለው ሰው መች ጠፋ፣ አንድ ወዳጄ የቀለም ሱቅ አለው፣ እሱ ጋ እንደሠራች አድርጎ ይጻፍላት አሉ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ያደርገው ነበር፤ ለሌላ ሰው እኔው በእጄ ጽፌያለሁ። እህቴ ግን ዘጠኝ ዓመት ያሳደገችኝን ሰው ክጄ የማላውቀው ሰው ዘንድ አደግኩ ልበል ወይ አለች። እኔም ሲቪው መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ አክስቴ መደብር ውስጥ እንዳደገች፣ የጽሑፍ ማስረጃ እንደሌላት፣ በስልክ መጠየቅ እንደሚቻል። የመደብሩን ስልክ ጻፍኩ። አርብ ጠዋት ወስጄ ሰጠሁት። ኃላፊው ቆሞ አነበበው፤ ሁለተኛውን ገጽ ገልጦ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፤ ይሄ ሌላ ሰው ነው አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ስም ዝርዝር ተለጠፈ። እህቴ አልነበረችበትም።

ቢሮው ገብቼ ኃላፊውን ጠየቅሁት። ሰውየው ወንበር ሰጠኝ። ከሁሉም የወደድነው የእህትሽን ነበር አለ፤ ባልደረቦቹም ወደውት ነበር፤ ስለዚህ እሱ ራሱ ደወለ። አክስትሽ አነሱ። እገሊት የምትባል ልጅ እርስዎ ዘንድ ሠርታለች ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው አለኝ።

«ምን አሉዎት?»

«‹ማ፣ እሷ? እኔ ዘንድ ሠርታ አታውቅም። ልጄ ናት› ብለው ስልኩን ዘጉት።»

እሱ ቃሉን እንደተነገረው ለባልደረቦቹ አደረሰ። ሠርታ አታውቅም ከተባለ ልንወስዳት አንችልም አሉ። እሱም ያዘነ ይመስለኛል፤ እስከ በሩ ሸኘኝ። እኔ ግን መንገዱ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ አዶት ነበር። አልዋሸችም። በልቧ ያለውን፣ ስለ እህቴ ልትል የምትችለውን ትልቁን ነገር ነው የተናገረችው። ልጄ ናት ከማለት በላይ ምን የምስክር ወረቀት አላት? ያ ቃል እዚያ ስልክ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን የሥራ ልምድ፦ የለም ሆኖ ተጻፈ። እኔም ለስንቱ ሰው ስጽፈው የኖርኩት ይሄንኑ ነው።

እህቴ አዶት እንዳትሰማ ብላ አስማለችኝ። እሷ ወልቂጤ ተመልሳ ምንም እንዳልሆነ ካርዷን ስትሞላ ሳምንት ሆናት። እኔ መሐላዬን አፈረስኩ። እህቴ ገበያ በምትወጣበት ሰዓት ደወልኩና ለአዶት ነገርኳት፤ ያ በስልክ የጠየቀሽ ሰው የሥራው ሰው ነበር፣ እንደዚህ ብለሽው ቀረባት አልኳት። «እኔ እኮ ሊያገባት የፈለገ ሰው የሚያጣራ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ከዚያ ዘጋችው።

በደወልኩ በአሥረኛው ቀን፣ ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ሳለ፣ አዶት በሩ ላይ ቆመች። ቡታጅራ ከመጣች ዓመታት አልፈዋል። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁትን ሰዎች ሰላም ብላ፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ማህተሙን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

«ጻፊ» አለችኝ። «ግን እኔ የምልሽን ነው የምትጽፊው። የናንተን ደንብ አትጨምሪበት።»

ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አደረግኩ። ወደ ጣሪያው እያየች፣ ጉራጊኛና አማርኛ እየቀላቀለች ትናገራለች፤ እኔ እከተላለሁ። የወንድሟ ልጅ እንደሆነች፣ ልጅ ሆና እንደመጣች፣ ዘጠኝ ዓመት መደብሩን በእጇ እንደያዘች። ቆጥራ የሰጠችው ዕቃ ጎድሎ እንደማያውቅ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባለፈው ዓመት ታምሜ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሁለት ወር ስተኛ መደብሩን ብቻዋን ያዘችው በይ። ገዛች፣ ሸጠች፣ ሠራተኛ አስተዳደረች። ስመለስ እንደተውኩት አገኘሁት።»

እጄ ቆመ። አዶት መታመሟን አላውቅም ነበር። እህቴ ያን ቀን ከዚያስ ከዚያስ ስላት ማምሸቷን፣ ስለ ሲሚንቶ እርጥበት ሳይቀር መናገሯን አሰብኩ፤ ይሄን ግን አልተናገረችም። ለምን አልነገረችኝም ብዬ አዶትን ጠየቅኳት።

«እኔ እንዳትናገሪ ስላልኳት ነዋ። የኔ ገመና ነው፤ ታመመች ከተባለ ማን ዱቤ ዕቃ ይሰጠኛል? አሁን ግን ጻፊው።»

ጻፍኩት። ተቀጥራ የሚል ቃል የለበትም፤ ደመወዝም የለበትም፤ ሥራዋን ለቀቀች አይልም። መጨረሻው «ወደ ሥራ ስትሄድ የምትሄደው በእኔ ምርቃት ነው» ይላል። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አነበቡት፤ ጉዳዩ የሚለው እንኳ አልተሰመረበትም፤ ግን አላረሙትም። አዶት ማህተሟን ሁለቴ መታችበት፣ አንዱ ደብዝዞ ነበርና። ከዚያ ውሃ ቢሮው ድረስ በእግሯ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ኃላፊው አነበበው፤ ተነስቶ ጨበጣት። ቦታው ግን ተይዟል፤ የተመረጠው ልጅ ሥራ ጀምሯል። አዶት ልጁ ጥሩ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ጥሩ ነው አላት። እሺ አለች፤ አንዱን ቅጂ እዚያው ትታ ወጣች።

እህቴ በዚያ ደብዳቤና በዚያ ገጽ ተኩል ሲቪ ሥራ ያገኘችው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ቡኢ ላይ ካምፕ የነበረው መንገድ ሠሪ ድርጅት ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በረዳትነት። የቀጠራት ሰው ሲቪዋን አስቀምጦ ስለ ሁለቱ ወር ብቻ ነው የጠየቃት አለችኝ። እስከዚያ ድረስ ግን መደብሩን አልተወችም፤ አዶትም ሌላ ልጅ ከዘመድ አላመጣችም፤ በደመወዝ ሰው ቀጥራ እህቴ አሠለጠነችላት።

እኔ ከዚያ በኋላ አሮጌውን ሲቪ ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት። ሰው ሲመጣ ጠዋት በሩ ሲከፈት ምን ታደርጋለህ እላለሁ። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ጋሼ አንድ ሰው ስታስተናግጂ ሦስቱ ሰልችተው ይሄዳሉ እያሉ ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ግን ይመለሳል። ዘመድ ቤት ነበርኩ የሚል ሰው ሲመጣ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋለታለሁ።

አዶት እህቴ ሥራ በገባች በወሩ እንደገና ወደ እኔ መጣች። ከእህቴ በፊት እሷ ቤት ያደጉ ሦስት ሴቶች አሉ፤ አንዷ አረቅጥ አግብታ ትኖራለች፣ አንዷ እዚያው ወልቂጤ ናት፣ አንዷ እንሴኖ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ሦስቱም ወረቀት አልጠየቋትም። እሷ ግን ለእያንዳንዳቸው ደብዳቤ አስጻፈችኝ፤ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። የትኛዋ በስንት ዓመቷ እንደመጣች፣ ምን እንደያዘች፣ ምን እንደምትችል ታስታውሳለች። ሦስቱንም በማህተም አሸገች። የወልቂጤዋን በዚያው ሳምንት ሰጠቻት። የአረቅጧን በመኪና ሰው ላከችላት። የእንሴኖዋን ግን የገበያ ቀን ጠብቃ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ ራሷ ወስዳ፣ ልጅቱ ደንበኛ እስክትሸኝ ቆማ ጠብቃ በእጇ ሰጠቻት።